የአድራሻ ለውጥ

ፑሊ ከተማ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ያደለ፣
ጡረታ ሲወጣም ሳይክሉን ሳይሸጥ ተራራ የዋለ
ሽማግሌው ሊያው፣
አንድ ማክሰኞ ቀን ታይቹንግ ድረስ መጣ፤
ከካፖርቱ ኪስ ውስጥ የሳል መድኃኒት ብልቃጥ አወጣ።

«ይሄ» አለኝ «ዶክተር፣ ከዱር እንጆሪ ቅጠል ላይ ያገኘሁት፣
ደብዳቤ ይመስል አገላብጬ አየሁት፤
ላኪው አልታወቀ፣ ተቀባይ የለበት፤
አንቺ ታውቂ እንደሆን የሚደርስበት።»

ብልቃጡን አዘነበልሁ።
ከምስር ፍሬ ያነሰ፣
የዝናብ ማግሥት ፀሐይ ያረፈበት መዳብ የለበሰ፣
ስድስት እግሩን አጥፎ የሞተ የመሰለ፤
ቆይቶ ግን አንድ አንቴናውን ቀና አድርጎ «አለሁ» ያለ።

የእኛ ሥራ ይህ ነው፤ መጠየቅ፣ መጠራጠር።
የክንፉ ክዳን ላይ ስንት ነው የነጥብ መስመር?
የአንገቱ ጠርዝ ጥርስ አለው? ጭኑስ ወፍራም ነው ቀጭን?
ሦስተኛው የአንቴና አንጓ ከአራተኛው ይረዝማል? በምን ያህል መጠን?
ሆዱን በሙቅ ውሃ አለስልሼ፣
እንደ ፀጉር በቀጠነ መርፌ ዳስሼ፣
ከወንድነቱ ጫፍ ያለችውን መንጠቆ ፈለግሁ፤
ዝርያ የሚታወቅ በዚያች መንጠቆ ነው፤ እንዲያ ነው የተማርሁ።
ከሚታወቁት ሁሉ አንዱንም አልመሰለች።

ሊያው እጮቹን ጓዳው ውስጥ አሳደገ፣ በጃም ብርጭቆ፣
ቅጠል እየለወጠ፣ እንደ ታማሚ ጠብቆ።
የገዛ ኩሳቸውን ጀርባቸው ላይ ከምረው እንደ ጋሻ፣
ጉንዳን ሲመጣባቸው መሸሻ።
ሌሊት ደወለልኝ፤ «ዶክተር ስሚ፣ ሲበሉ ይሰማል፤
ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ ይመስላል።»

ስም ስንመርጥለት ዝም ብሎ ጣቶቹን ቆጠረ፣
ከዚያ የሚስቱን ስም በእርሳስ ጫረ።
ሱ-ዪን። እንጆሪ ልትለቅም አብራው ትወጣ የነበረች፤
ብልቃጡም የእሷ ነው፤ ሳሏ ሳይለቃት ያረፈች።
ሕጉ በላቲን ነው፤ የሴት ማብቂያ ጨመርሁለት፣
በቀይ ወረቀት ላይ «ዋና ናሙና» ብዬ ጻፍሁለት፤
ቀን፣ ከፍታ፣ ቅጠል፣ የለቃሚው ስም።
መሳቢያው ተዘጋ። ሊያው አላለቀሰም።

ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ ድሬስደን፣ የሙዚየም ምድር ቤት፣
በረዶ የሚጥልበት ቀን፣ ናፍታሊን በሸተተበት፣
አንድ መሳቢያ ሳብሁ።
አንድ ወንድ ጥንዚዛ፣ ሰማያዊ፣ መዳብ ያልነካው፣
ከመቶ ዓመት በፊት አንድ የሻይ ነጋዴ የላከው።
ግራ አንቴናው ጠፍቷል፤
በደበዘዘ ቀለም «ፎርሞሳ» ተጽፏል።
መንደር የለ፣ ቀን የለ።
ፈቃድ ጠይቄ ሆዱን አለስልሼ መንጠቆዋን አየኋት፤
ያቺው ናት፣ ያቺው ናት፤ እንደ ሰው ፊርማ አወቅኋት።
ቆላ ሲፈለፈል ሰማያዊ፣ ደጋ ሲፈለፈል መዳብ፤
አንድ ዝርያ ነው፤ ሁለት ያደረገው የእኔ ልብ።

ሕጉ ፊት አያይም፤ የቀደመው ስም ይገዛል፣
የኋለኛው ከሥሩ በትንሽ ፊደል ይያዛል።
ሞክሼ ቢሆንማ ሁለት ገላ ነው በአንድ ስም፤
ይህ ግን ግልባጩ ነው፤ አንድ ገላ፣ ሁለት ስም፤
ሁለተኛው ይሰምጣል እንጂ አይሰረዝም።

ደብዳቤ ጻፍሁለት፤ ፖስታ ቤት ደርሼ ሦስቴ ተመለስሁ፤
በመጨረሻ ራሴው ፑሊ ገሠገሥሁ።
ብርጭቆ ያጥብ ነበር። እስክጨርስ አላቋረጠኝም፤
እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም።

«ሠላሳ አንድ ዓመት» አለኝ «ስንቱ ሰው ቤት ለቀቀ፤
ደብዳቤው በድሮው አድራሻ ይመጣል፤ ፖስተኛው አዲሱን ካወቀ
እዚያው ይወስደዋል።
ሱ-ዪን የሚለውን ስም አንድ ሰው መዝገብ ውስጥ ቢያገኘው፣ ወዴት ይመራዋል?»

«ወደ ጥንዚዛው» አልሁ።
«እንግዲያ ደርሷል» አለ።

ትንሽ ቆየና፣
«ሰማያዊውስ? ቆላው ላይ ዛሬም አለ?»

አላውቅም ነበር። ቆላው ፋብሪካ ነው፣ አስፋልት ነው፣ የዓሣ ኩሬ፤
ማን ያውቃል፣ በአንዱ አጥር ሥር የቀረ እንጆሪ፣ የቀረ ፍሬ።
ሊያው ጓሮ ወጣ። የሳይክሉን ጎማ በአውራ ጣቱ ተጭኖ አየና፣
መንፊያውን ፈልጎ፣ ወገቡን ይዞ፣ ይነፋ ጀመር እንደገና።